ሞላ ከመግዛትህ በፊት መኪናህን ሚዛን ላይ አውጣት

(ቦታው ሸሕዲ፣ አንድ የከባድ መኪና ጋራዥ ግቢ ነው። አጎት ዕድሜውን በጎንደርና በመተማ መንገድ፣ በከባድ መኪና ሥር ተጋድሞ ያሳለፈ መካኒክ ነው። ልጅ የእኅቱ ልጅ፣ የምሕንድስና ተማሪ ሲሆን በገዛ እጁ የበየዳት ትንሽ መኪና አለችው። እናት የሰሊጥ መጋዘን አላት። ሦስቱን ጸሐፊው ፈጥሯቸዋል፤ የሚያነሷቸው መኪኖችና የስሌቱ መንገድ ግን የፈጠራ አይደሉም።)

ልጅ፦ ጋሼ፣ ሻንሲው አልቋል። የቶዮታ ዲኤክሷ ሞተርና ካምቢዮ ገብቷል፤ የኋላ አክስሉም ከነዲፍሬንሻሉ ተዘጋጅቷል። የቀረኝ ሞላ ብቻ ነው። ለኋላው ባለ ቅጠሉን ሞላ፣ የአይሱዙ ባሌስትራ አግኝቻለሁ፤ ትንሽ አሳጥሬ ላስረው ነው።

አጎት፦ የአይሱዙ? ምን ልትጭንባት ነው?

ልጅ፦ ጥንካሬ ይሻላል ብዬ ነዋ። መንገዱን ያውቁታል። ከአስፋልቱ ከወጣን እስከ እርሻው ድረስ ዋልካ ነው፤ በበጋ ይሰነጣጠቃል፣ በክረምት የትራክተር ጎማ ቦይ ያወጣበታል። ደካማ ሞላ አይችለውም።

አጎት፦ ይኸ የአገሩ ሰው ሁሉ በሽታ ነው። ሞላ ሲባል የሚታየው ጭነት ብቻ ነው። የአይሱዙ ባሌስትራ በቶን ለሚቆጠር ሸክም የተሠራ ነው። ያንተ መኪና ብትቀመጥበት አይታጠፍም። ካልታጠፈ ደግሞ ሻንሲው ላይ የታሰረ ድፍን ብረት ማለት ነው። ጎማው ጉድጓድ ሲመታ ምቱን ለማን ያስተላልፋል? ሻንሲህን ከምን ሠራኸው?

ልጅ፦ ከ25 ሚሊሜትር ካሬ ቱቦ። የቱቦው ግድግዳ 1.6 ሚሊሜትር ነው።

አጎት፦ እንግዲያው ሰኞ ትነዳታለህ፣ ዓርብ ስንጥቅ ትበይዳለህ።

ልጅ፦ ንድፉ እኮ የእኔ አይደለም፤ የተፈተነ ነው። ኮሊን ቻፕማን እ.ኤ.አ. በ1957 ካወጣት ከሎተስ 7 የተቀዳ ነው። እንግሊዞች ያኔ ያለቀለት መኪና ላይ የሚጣለውን የሽያጭ ግብር ለማምለጥ ክፍሎቿን ገዝተው እቤታቸው ይገጥሟት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1996 ደግሞ ሮን ቻምፒየን የሚባል ሰው አሮጌ ፎርድ ኤስኮርት አፍርሶ እሷን የመሰለች መኪና በርካሽ መሥራት እንደሚቻል መጽሐፍ ጻፈ። እኔ በኤስኮርቱ ፋንታ ዲኤክስ አደረግሁ። ሁለቱም ሞተራቸው ፊት ነው፤ የሚገፋቸው የኋላ ጎማ ነው።

አጎት፦ ዲኤክስ መምረጥህ ደግ ነው፤ መለዋወጫዋ የትም አይጠፋም። ግን አንድ ነገር ልብ በል። በአገራችንም ክፍል እየገጠሙ መኪና ማውጣት የቆየ ነው። አምቼ አዲስ አበባ ላይ እ.ኤ.አ. ከ1970 ጀምሮ ከባድ መኪና ሲገጥም ኖሯል። ሆላንድ ካር ሞጆ ላይ የመጀመሪያዎቹን መኪኖች ያወጣው ቱርክ ትሠራው የነበረውን የፊያት 131 ክፍል አስመጥቶ ነው። እዚያ የሚሠራ ሰው ግን የትኛውን ሞላ ልጠቀም ብሎ ተጨንቆ አያውቅም። ሞላውን ገና ድሮ ቱሪን የተቀመጠ መሐንዲስ መርጦታል፤ ከሳጥን አውጥቶ ማሰር ብቻ ነው። አንተ ግን መሐንዲሱም ገጣጣሚውም ራስህ ነህ። መጽሐፉ ላይ ያለው ሞላ የተመረጠው ለእንግሊዝ አስፋልት ነው። ለዋልካ የመረጠልህ ማንም የለም።

ልጅ፦ እንግዲያው የባጃጅ ሞላ ላድርግ?

አጎት፦ እሱም ያው ነው። ባጃጅ ባዶዋን 400 ኪሎ አትሞላም። ከአንዱ ጠርዝ ወደ ሌላው መዝለል ምንድን ነው? መጀመሪያ ክብደቷን ንገረኝ።

ልጅ፦ ወደ 600 ኪሎ ይሆናል።

አጎት፦ «ወደ» አትበለኝ። በየጎማው ስንት ስንት ያርፋል? እናትህ መጋዘን የሰሊጥ ሚዛን አለ አይደል፤ ገፍተን እንውሰዳት። አንዱ ጎማ ሚዛኑ ላይ ሲወጣ የቀሩት ሦስቱ በሚዛኑ ቁመት ልክ እንጨት ይነጠፍላቸው። አለዚያ መኪናዋ ታጋድልና ቁጥሩ ይዋሻል። ነዳጁም ይሞላ፤ ትርፍ ጎማውም ቦታው ይግባ።

(ከቀትር በኋላ፣ ከመጋዘኑ ሚዛን አጠገብ።)

ልጅ፦ ፊት በየጎማው 155፣ ኋላ በየጎማው 145። ድምሩ ልክ 600።

አጎት፦ ከዚያ ላይ ሞላው የማይሸከመውን ቀንስ። ጎማው፣ ቸርኬው፣ የፍሬኑ ዕቃ፣ የኋላው አክስል ራሱ ሁሉ ከሞላው በታች ናቸው። መሬት ነው የሚሸከማቸው። የኋላው ከባድ ነው፤ በየጎኑ 50 አውጣለት። ለፊቱ 30 ይበቃል።

ልጅ፦ ፊት 125፣ ኋላ 95። ሁለት ሰው ሲቀመጥ 140 ኪሎ እንበል፤ ወንበሩ ወደ ኋላ ስለሆነ 100ው ኋላ ላይ ያርፋል፣ 40ው ፊት ላይ። እንግዲህ በአራቱም ጎን 145 ሆነ!

አጎት፦ አየህ፣ መኪናዋን አሁን ገና አወቅሃት። ቀጥሎ ይህን ያዝ። ሞላው ምንም ሳይጫንበት ያለውን ቁመት ትለካለህ፤ ከዚያ ክብደቱ ሲያርፍበት ስንት ሳንቲም እንደወረደ ታያለህ። የወረደበትን ሳንቲም ዳግም ዘር አውጣ፤ 300ን በእሱ አካፍል። የምታገኘው መኪናዋ አንድ ጊዜ ከተነቀነቀች በደቂቃ ስንት ጊዜ ከፍ ዝቅ እንደምትል ነው። 4 ሳንቲም ከወረደ 150 ጊዜ፣ 9 ከወረደ 100 ጊዜ፣ 16 ከወረደ 75 ጊዜ።

ልጅ፦ ቆይ… ይሄማ ክፍል የተማርነው ነው። የሞላው ጥንካሬ ለክብደቱ ተካፍሎ፣ ዳግም ዘር ውስጥ ገብቶ። ግን ክብደቱ የት ሄደ?

አጎት፦ መውረዱ ውስጥ ገብቷል። ሞላውን ያወረደው እሱ አይደለም እንዴ? ስለዚህ ለአይሱዙም ለባጃጅም ቀመሩ አንድ ነው።

ልጅ፦ ስንት ሲሆን ነው ጥሩ?

አጎት፦ የቤት መኪና የሚባሉት በደቂቃ ከ60 እስከ 90 ባለው ውስጥ ናቸው። ከ120 በላይ ሲሆን መንጠር ይጀምራል። አሁን የአይሱዙህን ባሌስትራ አስላው። በ145 ኪሎ አንድ ሳንቲም ብቻ ቢወርድ?

ልጅ፦ 300።

አጎት፦ በሴኮንድ 5 ጊዜ ማለት ነው። ሐኪሞችና መሐንዲሶች አጥንተውታል፤ የሰው ሆድ ዕቃና አከርካሪ ከሁሉ የሚጎዳው በሴኮንድ ከ4 እስከ 8 ጊዜ ሲናጥ ነው። የትራክተር ሹፌር ወገቡን የሚያመው ለምን ይመስልሃል? ትራክተር ከኋላው ሞላ የለውም፤ ያለው የጎማው ነፋስ ብቻ ነው። አንተ ገንዘብ አውጥተህ ትራክተር ልትሆን ነበር።

ልጅ፦ ይሁን። ግን ለስላሳ ሞላ የከተማ ሰው ቅንጦት ይመስለኛል ጋሼ። ለገጠር…

አጎት፦ ለገጠር ነው እንጂ! ሲትሮየን 2 ሲቪን ታውቃታለህ? እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ የሲትሮየን አለቃ ፒየር ቡላንዤ መሐንዲሶቹን ያዘዘው የገበሬ መኪና ሥሩ ብሎ ነው። የታረሰ ማሳ አቋርጣ ስትወጣ ቅርጫት ሙሉ እንቁላል ጭና አንድም አይሰበርባት አለ። ጦርነቱ አዘገያቸውና እ.ኤ.አ. በ1948 ፓሪስ ላይ አሳዩዋት። ሞላዋ እጅግ ለስላሳ፣ ጎማዋ ወደ ላይም ወደ ታችም ረጅም የሚሄድ ነበር። ከፊትና ከኋላ ያለው ሞላ በሻንሲው ሥር ይገናኛል፤ የፊት ጎማ ሲነሳ የኋላውን ጎን ያዘጋጀዋል። ቀጭን ቆርቆሮ፣ ደካማ ሞተር፤ ግን ማሳ ውስጥ አትሰበርም። ምክንያቱም አትታገልም።

ልጅ፦ አትታገልም ሲሉ?

አጎት፦ ቦይ ውስጥ የፊት ግራ ጎማህ 10 ሳንቲም ተነሳ እንበል። ሞላው በሚሊሜትር 1 ኪሎ የሚጠይቅ ከሆነ ሻንሲው ላይ የሚመጣው ተጨማሪ ግፊት 100 ኪሎ ነው። በሚሊሜትር 5 ኪሎ የሚጠይቅ ከሆነ 500 ኪሎ! ያንተ መኪና ጠቅላላዋ 600 ናት። ምን ይሆናል? ሌላው ጎማ መሬት ይለቃል፤ ሻንሲው ይጠመዘዛል፤ መጠምዘዙ ብየዳው ጥግ ላይ ያርፋል። ጥንካሬ ብለህ የገዛኸው ነገር ሻንሲህን ይሰብርልሃል።

(እናት ከመጋዘኑ ትወጣለች።)

እናት፦ ወንድም ጋሼ፣ ሚዛኔን ጋራዥ አደረጋችሁት እኮ! ሰሊጥ የሚያስረክብ ሰው በር ላይ ቆሟል።

አጎት፦ ትንሽ ታገሽን እቴ። አንቺስ ምን ልትጭኝባት ነው?

እናት፦ እኔማ ሁለት ኩንታል ሰሊጥ ከእርሻ ካመጣችልኝ ይበቃኛል። በአጨዳ ጊዜ እኮ አንድ ቀን ማደር ኪሳራ ነው፤ ፍሬው ከደረቀ ይፈነዳና መሬት ላይ ይረግፋል። ትልቁን መኪና ስጠብቅ ስንት ፈሰሰብኝ! ደግሞም ይህ ልጅ ወገቡን እንዳይሰብር።

ልጅ፦ እማዬ፣ ሁለት ኩንታል ከተጫነባትማ ሁሉም ይቀየራል።

አጎት፦ ይቀየራል እንጂ! ቀላል መኪና ላይ ሞላ መምረጥ ከባድ የሆነው ለዚህ ነው። ሁለት ቶን የሚመዝን ፒክአፕ ላይ ሁለት ኩንታል ሲጫን ብዙም አይታወቀውም። ያንተ የኋላ ጎን ግን ከ145 ወደ 245 ይዘላል። ኋላውን በደቂቃ 85 ያህል እንዲሆን ብለህ ባዶዋን ብታስተካክል ሞላው 12 ሳንቲም ተኩል ወርዶ ይቀመጣል፤ ጥንካሬው በሚሊሜትር ወደ 1.2 ኪሎ ነው። ሁለቱን ኩንታል ስትጭን ሌላ 8 ሳንቲም ይሰምጣል። የፊት መብራቷ ሰማይ ሰማይ ያያል፤ ጉድጓድ የምትቀበልበት ቦታ አይቀራትም።

ልጅ፦ 2 ኪሎ ቢሆንስ? ባዶዋን ሁለት ሰው ይዛ 7.2 ሳንቲም፤ 300 ለ2.7… 111 ገደማ። ሁለት ኩንታል ስትጭን ከ12 ሳንቲም ትንሽ ከፍ ይላል፤ 86። ከጭነቱ በኋላ የምትሰምጠው 5 ሳንቲም ብቻ ነው።

አጎት፦ እሱ ነው። ባዶዋን ትንሽ ትነጥራለች፤ ጭና ስትመጣ ትረጋለች። የሁለቱን ዓለም ሞላ አንድ ላይ አታገኝም፤ ገንዘብ ያለው የነፋስ ሞላ ይገዛል። ከፊት ግን ጭነቱ ብዙም አይለዋወጥም። እዚያ 14 ሳንቲም ወርዶ በደቂቃ 80 ይሁንልህ፤ በሚሊሜትር አንድ ኪሎ ቢሆን ነው።

ልጅ፦ የፊቱ ከኋላው እንዲለሰልስ ይፈልጋሉ ማለት ነው። ለምን?

አጎት፦ ጉብታውን መጀመሪያ የሚመታው የፊት ጎማ ነው፤ የኋላው ዘግይቶ ይደርሳል። የኋላው ፈጠን ብሎ ከነጠረ ይደርስበትና ሁለቱ አብረው ከፍ ዝቅ ይላሉ። የኋላው ከዘገየ ግን አፍንጫዋ ሲነሳ ጅራቷ ይወርዳል፤ መንገዱን ሙሉ ስታጎነብስ ትውላለህ። ይህን በደንብ ያስቀመጠው ሞሪስ ኦሊ ነው፤ ከሮልስ ሮይስ ወጥቶ እ.ኤ.አ. በ1930 ካዲላክ የገባ እንግሊዛዊ መሐንዲስ።

እናት፦ እናንተ እንግሊዝ አገር ከርማችሁ ስትመለሱ ሚዛኑን ትለቁልኛላችሁ?

አጎት፦ ሚዛኑን ውሰጅ፤ ሁለት ኩንታል ግን አበድሪን። ጆንያው አይቀደድም። አንተ፣ እንዲህ ነው የምናደርገው። የዲኤክሷ የኋላ ሞላ የት አለ?

ልጅ፦ ጥያለሁ ማለት… እዚያ ጥግ ነው ያለው። የቤት መኪናው ዲኤክስ ከኋላ ጥቅል ሞላ ነው ያለው፤ እኔ ወደ ባሌስትራ ልቀይረው ነበር።

አጎት፦ አንሳው! አክስሉ ከእሱ ጋር የተወለደ ነው። ማሰሪያውም ክንዶቹም ተዘጋጅተው ሳለ ለምን ትቆርጣለህ? ከሻንሲው ጋር አስረህ መኪናዋን መሬት ላይ አቁማት። ከጎማው በላይ ያለውን ክፍተት በሁለቱም ጎን ለካ። ሁለቱን ጆንያ ከአክስሉ አናት ትክክል፣ አንዱን ግራ አንዱን ቀኝ አስቀምጥ። እንደገና ለካ። 5 ሳንቲም ከወረደ ሞላህ በሚሊሜትር 2 ኪሎ ነው፤ 3 ከወረደ ከ3 ኪሎ በላይ ነው። መጀመሪያ ግን መኪናዋን ሁለት ሦስት ጊዜ አነቃንቃት፤ መጋጠሚያው ላይ ያለው ሰበቃ ቁጥሩን ይይዝብሃል።

ልጅ፦ የፊቱን ግን ለራሴ አስልቼዋለሁ ጋሼ። ሞላውን የታችኛው ክንድ መሀል ላይ ነው የማሳርፈው። ጎማው ጋ አንድ ኪሎ ካስፈለገ፣ ክንዱ መሀል ላይ ሁለት ኪሎ የሚሆን ሞላ እገዛለሁ።

አጎት፦ አራት።

ልጅ፦ እንዴት አራት?

አጎት፦ ጎማው 10 ሚሊሜትር ሲነሳ ክንዱ መሀል ላይ ያለው ሞላ ስንት ይጨመቃል? 5። ያ አንድ ግማሽ። ሞላው የሚገፋውን ደግሞ ጎማው ጋ ሲደርስ ክንዱ ያሳንሰዋል፤ ያ ሌላ ግማሽ። የግማሽ ግማሽ ሩብ ነው። ሁለት ኪሎ ብትገዛ ጎማው ጋ የሚደርሰው ግማሽ ኪሎ ነው፤ መኪናዋ በሆዷ ትቀመጥ ነበር። ሞላውን ካጋደልከው ደግሞ ከዚያም ይቀንሳል።

ልጅ፦ ይሄንን መጽሐፉ ላይ አልፌው ነው የሄድኩት።

አጎት፦ እኔ ብሆን ማሳረፊያውን ወደ ጎማው አስጠጋዋለሁ። ከክንዱ አሥር እጅ ሰባቱ ላይ ካሳረፍከው ሰባት በሰባት 49 ከመቶ፤ ግማሽ ነው ማለት ነው። 2 ኪሎ ሞላ ይበቃሃል፤ ማሰሪያው ላይ የሚመጣው ኃይልም ይቀንሳል።

ልጅ፦ ልክ የሚሆን ሞላ ባላገኝስ? ገበያ ላይ ቁጥር የተጻፈበት አይመጣም።

አጎት፦ ካሊፐር ይዘህ ሂድ። የሽቦውን ውፍረት፣ የጥቅሉን ስፋት፣ የሚሠሩትን ዙሮች ቁጠር። የሞላ ብረት ሁሉ ለመጠምዘዝ የሚያሳየው ጥንካሬ አንድ ነው ማለት ይቻላል፤ 79,000 ኒውተን በካሬ ሚሊሜትር። ጥሩ ብረት የሚበልጠው ሳይሰበር በመቆየቱ ነው እንጂ በመጠንከሩ አይደለም። ጥንካሬውን የሚወስነው ቅርጹ ነው። ውፍረቱ በራሱ አራት ጊዜ ይባዛል፤ ስፋቱ ሦስት ጊዜ ተባዝቶ ይከፍለዋል። 12 ሚሊሜትር የነበረው ሽቦ 13 ሲሆን ሞላው 38 በመቶ ይጠነክራል። በዓይን የማይለይ አንድ ሚሊሜትር!

ልጅ፦ እስቲ… ሽቦው 12፣ የጥቅሉ ስፋት ከሽቦው መሀል እስከ መሀል 90፣ ዙሩ 7 ቢሆን፣ በሚሊሜትር 40 ኒውተን። 4 ኪሎ ማለት ነው። ቅድም በክንዱ መሀል ይፈልግ የነበረው እሱ ነው።

አጎት፦ እሱው ነው።

ልጅ፦ ረጅም ከሆነብኝ አንድ ዙር እቆርጣለሁ።

አጎት፦ መቁረጥ ይቻላል፤ ግን ስታሳጥረው እያጠነከርከው መሆኑን እወቅ። ከ7 ዙር አንዱን ብትቆርጥ ወደ 17 በመቶ ይጨምራል። በግራይንደር ነው የሚቆረጠው፣ ውሃ እያደረግህ። በእሳት አሙቆ ማስተኛትን ግን እንዳትሞክር። ጋራዥ ሁሉ ያደርገዋል፤ የጋለበት ቦታ ጥንካሬውን ያጣና በወሩ ይተኛል ወይም ይሰበራል። ሞላ አጠገብም አትበይድ። የብየዳ ብልጭታ ያረፈበት ነጥብ የስንጥቅ መጀመሪያ ነው።

ልጅ፦ ባሌስትራውን ሙሉ በሙሉ ናቁት እንዴ?

አጎት፦ ኧረ በስመ አብ! እንጀራዬ እኮ ነው። ባሌስትራ ለቤት ሠሪ ትልቅ ጥቅም አለው፤ አክስሉን ቦታው ላይ የሚይዘውም እሱ ራሱ ስለሆነ ሌላ ክንድ አያስፈልግም። ሲጫን የሚነካ ረዳት ቅጠል ቢጨመርለት የእናትህን ሁለት ኩንታል ከጥቅል ሞላ በተሻለ ይሸከማል። ችግሩ ለ600 ኪሎ የሚሆን ቀጭን ባሌስትራ እዚህ አታገኝም። የፒክአፕ ባሌስትራ ቅጠል ብትቀንስ ጥንካሬው ይቀንሳል፤ ግን የቀረው ቅጠል ውፍረቱ ያው ነው። በቅጠሎቹ መሀል ያለው ሰበቃ ደግሞ ለቀላል መኪና ይከብዳል፤ ትንንሹን ጉድጓድ ሳይታጠፍ ያልፈዋል። አቧራው ከግራሶ ጋር ሲደባለቅማ ብረት የሚበላ ሞረድ ነው። ዲኤክሷ ክንዶች ባይኖሯት ኖሮ እኔም ባሌስትራ አድርግ እልህ ነበር።

ልጅ፦ የቀረው ሾክ አብዞርበር ነው። እሱን ከተሰበረ መኪና አገኛለሁ ብዬ…

አጎት፦ እዚህ ላይ አልስማማም። ሞላ ከወደቀ መኪና ቢወሰድ ግድ የለም፤ ካልተሰነጠቀና ካልዛገ ትለካዋለህ፣ ታውቀዋለህ። ሞላ ኃይሉን አይበላውም፤ ተቀብሎ ይመልሰዋል። የሚበላው ሾኩ ነው፤ ወደ ሙቀት ይለውጠዋል። እዚህ ቆላ ጥላ ሥር 40 ዲግሪ በሚሆንበት፣ በተሸበሸበ ጠጠር መንገድ ላይ ቀኑን ሙሉ ሲሠራ ዘይቱ ይቀጥናል፣ ጉሚኒው ያፈሳል። ያገለገለ ሾክ ስትገዛ ሌላ ሰው የጨረሰውን ዕድሜ ነው የምትገዛው። ለስላሳ ሞላ ያለ ሾክ ደግሞ ከአይከል ከተማ ቁልቁል ወደ ቆላው ስትወርድ አደጋ ነው፤ ፍሬን በያዝክ ቁጥር አፍንጫዋ ከፍ ዝቅ ማለቱን አያቆምም።

እናት፦ ሾኩን እኔ እገዛለሁ። ለሁለት ኩንታሌ ብዬ ነው እንጂ ለእንግሊዙ አይደለም።

አጎት፦ ተባረኪ። ጎማው ወደ ላይ ቢያንስ 8 ሳንቲም ይሂድ፤ መጨረሻው ላይ ብረት ከብረት እንዳይጋጭ ወፍራም ላስቲክ አድርግለት። ሾኩ ከላስቲኩ በፊት ጥግ እንዳይደርስ ተጠንቀቅ፤ ከደረሰ በአንድ ጉድጓድ ይፈርሳል። ሲዘረጋም እንዲሁ።

ልጅ፦ ከዚያ አስፋልቱ ላይ አውጥቼ ጎንደር ድረስ…

አጎት፦ ሰሌዳና ቦሎ የሌላት መኪና አስፋልት ላይ አትወጣም። እሱን ሞላ አይፈታልህም፤ ትራንስፖርት ቢሮ ሄደህ ጠይቅ። እስከዚያው እርሻው ላይ ትሠራለች። የአይሱዙውን ባሌስትራ ለባለቤቱ መልስ፤ የዲኤክሷን የኋላ ሞላ እጠብና ነገ ጠዋት ይዘህ ና። ለፊቱ በካሊፐር እየለካህ ፈልግ። የእናትህን ገንዘብ አራት አዲስ ሾክ ላይ አውለው።